ተርባይኖቹ ወጡ፣ አዳራሹ ቀረ

ለንደን ውስጥ፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ቴት ሞደርን የሚባል የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ድሮ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ተዘግቶ ለዓመታት ባዶውን ቆመ። ይፍረስ ያሉም ነበሩ። በኋላ ሄርዞግና ደ ሙሮን የተባሉ የስዊዘርላንድ አርክቴክቶች የጡብ ግድግዳውንና ረጅሙን የጭስ ማውጫ ይዘው ሙዚየም አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2000 ተከፈተ።

ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው እዚያ ነው። ከበሩ ገብታችሁ ተዳፋቱን ስትወርዱ የገዛ ድምፃችሁ ይለወጥባችኋል። ተርባይኖቹ የነበሩበት አዳራሽ 35 ሜትር ከፍታ፣ 152 ሜትር ርዝመት አለው። ፎቅ በፎቅ ሊሞሉት ይችሉ ነበር። አልሞሉትም፣ ክፍቱን ተዉት። ልጆች ወለሉ ላይ ይንከባለላሉ። ከመሬት በታች ያሉት ክብ የነዳጅ ታንከሮች እንኳ እ.ኤ.አ. በ2012 የትርኢት ክፍል ሆነዋል። የሚያስቀናኝ ይሄ ነው። ምን እንሥራበት ከማለታቸው በፊት ምን አለው ብለው ቤቱን አዩት።

ይሄን ሳወራ «የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። በፍጹም አይደለም። ስድስት ኪሎን እዩት እንጂ! ገነተ ልዑል የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ነበር። በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ሚኒስትሮችና መኳንንት የተረሸኑት እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ጃንሆይ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፣ በ1954 ተመረቀ። ዛሬ ቤቱ ሙዚየም ነው። የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር እንዳለ ይታያል። እንዲህ ያለ ከባድ ታሪክ የተሸከመ ቤት ተማሪ የሚመላለስበት ሆነ። ያደረግነውም እኛው ነን።

ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ምስሉን ከስልኬ ላይ እያየሁ ሆዴ ተላወሰ። ምንም አይፍረስ አልልም። ጣሪያው በሚያፈስ፣ ሽንት ቤት በሌለው የጭቃ ቤት መኖርን ለማንም አልመኝም። ግን አሮጌ የሆነ ሁሉ አንድ አይደለም። መሠረቱ ጤነኛ ነው? ወለሉ ስንት ይሸከማል? ደረጃና ሊፍት ከኋላ ቢቀጠልለትስ? ዶዘር ከመምጣቱ በፊት ሜትር የያዘ ባለሙያ ገብቶ እነዚህን ይመልስልን። የአካባቢ ጉዳይም አለበት፦ ሲሚንቶ ማምረት ብቻውን ከዓለም የካርቦን ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ ይይዛል። ደህና ግድግዳ አፍርሶ ያንኑ እንደገና መገንባት ኪሳራ ነው።

አሁን ሐሳቤ ለገሃር ነው። አዲሱ ባቡር የሚነሳው ከከተማው ዳር፣ ከለቡ በኩል ነው። አሮጌው ጣቢያ መንገደኛ የለውም። እኔ ብጠየቅ የመንገደኛ ማረፊያውን ማንበቢያ አደርገው ነበር፤ የትኬት መስኮቱን ሳልነካ፣ መጽሐፍ በዚያው መስኮት እየተሰጠ።