አንተማ ጊዜ አለህ

ባለፈው ቅዳሜ ሶደሬ ሄደን ነበር። «ሄደን» ስል ባለቤቴን፣ ልጆቼን፣ አማቼን፣ የልጅ ልጆቼንና የሁላቸውንም ጫማ ማለቴ ነው። ጫማውን ለብቻው የቆጠርኩት ቀኑን ሙሉ አብሬው የዋልኩት እሱ ስለሆነ ነው።

ገና ከመኪና ከመውረዳችን ትልቋ ልጄ ወንበር ፈልጋ ጥላ ሥር አስቀመጠችልኝ። ፎጣ አጣጥፋ ከጀርባዬ ደገፈችልኝ። ለስላሳ ተከፈተልኝ። ክብር እንዲህ ሲበዛ እኔ ቶሎ እጠረጥራለሁ። ብዙም አልቆየ፣ ስልኩ፣ ቦርሳው፣ የመኪናው ቁልፍ፣ የሕፃኑ ጡጦ፣ የምሳው ዘንቢል፣ ያ ሁሉ ጫማ እግሬ ሥር ተከመረ። «አባዬ፣ አንተ እዚህ አረፍ በል። ዕቃውን ዝም ብለህ ታያለህ።»

ዝም ብለህ ታያለህ! ሶደሬን የሚያውቅ ሰው እዚያ ዕቃ ዝም ተብሎ እንደማይታይ ያውቃል። ጦጣ አለ። የሶደሬ ጦጣ ደግሞ የሰው ቤተሰብ አይታ ጨርሳለች። ማን ድንጋይ እንደሚያነሳ፣ ማን ጮኾ ብቻ እንደሚቀር፣ ማን ጉልበቱን እንደሚያመው ከዛፍ ላይ ሆና ለይታ ነው የምትወርደው። የድፎ ዳቦው ግማሽ የሄደው ዓይኔ እያየ ነው። ልጆቼ ከገንዳው ሲወጡ «ደህና ነህ ወይ?» አላሉኝም። «ዳቦውስ?» ነው ያሉኝ።

የጉዞው ምክንያት የኔ ጉልበት ነበር። እንዲያ ነው የተነገረኝ። ነሐሴ ነው፤ አዲስ አበባ ዝናቡ አላባራ ብሏል፣ ልብስ አይደርቅም፣ ቁርጥማቱ ሌሊት ይቀሰቅሰኛል። «አባዬ ቆላ ወርዶ ፍል ውሃ ቢገባ ይሻለዋል» ተባለ። እውነት አለው። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው የምንኖረው፤ አዳማ 1,600 ገደማ ላይ ነው። ከአዳማ አለፍ ብለው አዋሽ ዳር ሲደርሱማ ካፖርት ያስወልቃል። ጉልበቴ ግን ፍል ውሃውን ያገኘው ሊመሻሽ ሲል ነው። ሌላው ሰው ለባብሶ ጨርሶ፣ የመኪናው ሞተር ተነስቶ፣ «አባዬ ቶሎ በል እንጂ!» እየተባለ።

እናቴ የምትወደው አንድ ተረት ነበር። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ።» ከተረት ሁሉ እኔም እሱን ነው የምወደው። አትብሉኝ አላልኩም እኮ። «ዕቃ ጠባቂ ቸግሮናል፣ ና» ቢሉኝ እሄድላቸው ነበር። ጉልበቴን ምን አስጠራው?

ብርድ ሸሽቶ ቁልቁል መውረድ ለዚህ ከተማ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከተማው ራሱ የተቆረቆረው እንደዚያ ነው። አፄ ምኒልክ ከትመው የነበሩት እንጦጦ ላይ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱና ነፋሱ አይጣል ነው። መኳንንቱ ገላውን ሊታጠብ ወደ ፍልውሃ ይወርዳል፣ ሜዳው ላይ ድንኳን ይተክላል። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት። በ1879 እዚያው ቤት አሠሩ፣ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ዋና ከተማችን እንግዲህ ሊታጠብ ወርዶ እዚያው የቀረ ሰው ሥራ ናት። እኔ ታሪክ ጸሐፊ አይደለሁም። ግን ያን ጊዜም አንድ አዛውንት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የመኳንንቱን ካባ ሲጠብቅ እንደነበር ማሉ ብትሉኝ እምላለሁ። «አንተማ ጊዜ አለህ» ብለውት ነው።

የምታቃጥለኝ ይህች ነገር ናት። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሰልፍ ያለበት ጉዳይ ሁሉ የኔ ሆኗል። የመብራት ካርድ መሙላት የኔ ነው። ቀበሌ ወረፋ መያዝ የኔ ነው። ውሃ ሌሊት መጣች ሲባል ተነስቶ በርሜል መሙላት የኔ ነው። የኮንዶሚኒየም ስብሰባ ላይ እጅ የማወጣው እኔ ነኝ፤ የማላውቀው ሰው ልቅሶ ላይ ቤተሰቡን ወክዬ የምቀመጠው እኔ ነኝ። የዲሽ ሠራተኛው «ከጠዋት እስከ ማታ ባለው ጊዜ እመጣለሁ» ሲል ከጠዋት እስከ ማታ ያለው ጊዜ የኔ ነው። ሁሉም ሲያዙኝ የሚከፍቱት በዚያችው ነው። «አንተማ ጊዜ አለህ።» ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ አለቃ ነበረኝ። አሁን ገቢው ቀንሶ አለቃው በዝቷል።

አንድ ቀን የተሰበረ በርጩማ ስጠግን አማቼ አየኝና «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ብሎ ሳቀ። ይህን ተረት አልወደውም። ግን ነገሩን ሳስበው ያ መነኩሴ ሞኝ አልነበረም። መርፌ ይዞ ያየው ሰው «ሥራ ላይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ገዳሙ ውስጥ ያለ ሰልፍ ሁሉ ለሌላ መነኩሴ ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ እኔም በርጩማውን ቶሎ አልጨርሰውም።

ገቢው ቀነሰ ስል በግምት አይደለም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሒሳብ ክፍል ነው፤ ቁጥር ካልጠራሁ አይሆንልኝም። መንግሥት መሥሪያ ቤት ስትሠራ ለጡረታ ከደመወዝህ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ያስገባል። 60 ሲሞላህ ትሰናበታለህ። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ለአንድ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለታል። 30 ዓመት ያገለገለ እንግዲህ 55 በመቶ ላይ ይደርሳል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። 60 ላይ 42 ለመሙላት ደግሞ 18 ዓመት በሞላህ ማግስት ተቀጥረህ አንድም ቀን አለማቋረጥ ነው። ሕጉን ያረቀቀው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሒሳብ ግን ይችላል።

ሒሳብ ክፍልን ካነሳሁ አይቀር የስንብቴን ነገር ልናገር። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሰው ጡረታ ሲወጣ መዋጮ ይሰበሰባል። የመዋጮውን ዝርዝር የምይዘው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ማን ስንት እንዳወጣ፣ ማን «በደመወዝ እሰጥሃለሁ» ብሎ እንደቀረ እስከ ዛሬ በልቤ ነው። ለማንም አምስት ሳንቲም አዋጥቶ የማያውቅ አንድ የግዢ ክፍል ሰው ነበር። ሲወጣ የወርቅ ቀለበት ተበረከተለት። ቀለበቱን የሸፈነው የኔና የብጤዎቼ ገንዘብ ነው። የኔ ተራ ሲደርስ ጋቢ መጣ። ጋቢ አይናቅም። ግን ጋቢው ወደ ብርሃን ሲያዙት ማዶ ያለውን ሰው መልክ ይለያል። ነሐሴ ላይ ነው የወጣሁት፣ ልብ በሉ።

ኃላፊያችን ተነስተው ንግግር አደረጉ። «ለረጅም ዘመን መዝገብ ቤታችንን በትጋት ያገለገሉ» አሉ። ከመዝገብ ቤቷ ሴት ጋር ተያየን። እሷም ምን ታድርግ፣ አጨበጨበች። «ከእንግዲህ ከቤተሰብዎ ጋር ሆነው ዕረፍትዎን የሚያጣጥሙበት ጊዜ ነው» ብለው ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት። ፎቶ ተነሳን። ፎቶው ላይ የለበስኩት ሸሚዝ ቁልፍ በጋቢው ውስጥ ይቆጠራል።

ዕረፍት ማጣጣም የሚችል ሰው አላየሁም አልልም። የባለቤቴ ወንድም አለ። ሚኒሶታ ነው የሚኖረው። እዚያ ጥር ላይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መውረድ ብርቅ አይደለም። ሙሉ ጡረታውን ለማግኘት እስከ 67 ዓመቱ መጠበቅ ነበረበት። አልጠበቀም። 62 ሲሞላው ሕጉ የሚፈቅደውን ቀነስ ያለ ክፍያ ወስዶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለገና መጥቶ ዓድዋን አክብሮ ይመለሳል። «ሙቀት ፍለጋ ነው» ይላል። እኛ ጋቢ ተከናንበን የምንወጣበትን የጥር ማለዳ እሱ በቁምጣ ይሮጥበታል። ጎረቤት አንዷ «ምነው፣ ሻንጣው ጠፋበት እንዴ?» ብላ ባለቤቴን ጠይቃታለች።

ይረፍ፤ አልጠላበትም። ግን የሱ ዕረፍት የኔ ሥራ ነው። ኤርፖርት የምቀበለው እኔ። ሐዋሳ ዓሣ ሊበላ ሲወርድ ሾፌሩ እኔ። ጃንሜዳ ጥምቀትን ሲያይ ልጆቹ እንዳይጠፉ እጃቸውን የምይዘው እኔ። ሊመለስ ሲል በርበሬ ወፍጮ ቤት ወስዶ እያስነጠሰው የሚያስፈጨው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም። ጠዋት በሩን ያንኳኳና «ጋሼ፣ አንተማ ጊዜ አለህ» ይላል። እሱም ጡረተኛ፣ እኔም ጡረተኛ! የሱ ጊዜ የዕረፍት ነው፤ የኔ ጊዜ የሱ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ቅዳሜ ዕለት አንድ ሰው እንኳ «አንተስ አትዋኝም?» አላለኝም። ቢሾፍቱ ነው ያደግኩት። ሐይቅ ውስጥ ዋና ስማር አማቼ አልተወለደም። እሱ ወገቡ ላይ የሕፃን ጎማ አድርጎ ሲንቦጫረቅ፣ ሲጮህ፣ «አባባ ተመልከተኝ!» ሲለኝ ዋለ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ ደግሞ ጫማውን ይዤ አጨበጭብለታለሁ። ሽበት ያለው ሰው ወንበር ይወዳል ያላቸው ማነው? ዕድሜ ልኬን ወንበር ላይ ነው የኖርኩት። ለዚያ ነበር ደመወዝ የሚከፈለኝ። ዛሬ በነፃ ተቀመጥ የምባለው በምን ዕዳዬ ነው? ይህ ቀልድ አይደለም። ሰውን በሕይወት እያለ ዕቃ ማስቀመጫ ማድረግ ነው።

ማታ ይህን ሁሉ ለባለቤቴ አልኳት። የጉዞውን ምሳ ዕቃ እያጠበች ነበር። የበላነውን ዶሮ የሠራችው ሌሊት ተነስታ ነው። እጇን ከውሃው ሳታወጣ «እኔስ ጡረታ የምወጣው መቼ ነው?» አለችኝ። ይህ ራሱን የቻለ ሰፊ ርዕስ ስለሆነ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

ለጳጉሜን ላንጋኖ ታስቧል። ቅድመ ሁኔታ አቅርቤያለሁ፤ ጥበቃው በተራ ይሁን፣ የመጀመሪያው ተራ የአማቼ ይሁን። ልጄ «እሺ አባዬ» ብላለች። የሷን «እሺ» ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አልጠብቅበትም።

እኒያ መዝገብ ቤት ያደረጉኝ ኃላፊም በቅርቡ ጡረታ ወጥተዋል። ሰኔ ላይ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ አገኘኋቸው። በግራ እጃቸው ምሳ ዕቃ፣ በቀኝ እጃቸው ምሳ ዕቃ፣ ትከሻቸው ላይ ሮዝ ቦርሳ። «እንዴት ነው ዕረፍቱ? ከቤተሰብ ጋር እያጣጣሙት ነው?» አልኳቸው። ሰዓታቸውን አዩ። «ይቅርታ፣ አሁን አይመቸኝም። ትንሿ በታችኛው በር ነው የምትወጣው» ብለውኝ ሮጡ። ጋቢውን የመረጠው ማን እንደነበር ሳልጠይቃቸው አመለጡኝ።