ንስር ያልሆነ ሁሉ አሞራ

አዲስ አበባ ሰማይ ላይ ለሚያንዣብብ ሁሉ የተዘጋጀው ማዕረግ ሁለት ነው፤ ሥጋ ቤት ደጃፍ ከታየ አሞራ፣ ፌስቡክ ላይ ከወጣ ንስር። ጠዋት ቄራ አካባቢ ቁራጭ አንጀት ይዞ ሲነሳ የተረገመው ወፍ፣ ማታ «ንስር ከቁራ ጋር አይበርም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ላይክ ሲለቅም ያመሻል። ያለ ፈተና ማዕረግ ማደል ከሰው ተጀምሮ ወፍ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ያ ንስር በ40 ዓመቱ ተራራ ወጥቶ፣ ምንቃሩን ከድንጋይ አጋጭቶ ሰብሮ፣ አዲስ አብቅሎ ሌላ 30 ዓመት ይኖራል የሚባለውማ ስንቱን የሥልጠና አዳራሽ አስጨብጭቧል! ምንቃር የሌለው ንስር ሥጋ መቦጨቅ አይችልም፤ አዲሱ እስኪበቅል ረሃብ ይጨርሰዋል። አሠልጣኙ ግን አበሉን ተቀብሎ ሄዷል።

የሰፈራችን ወፍ አብዛኛውን ጊዜ ጭልፊት ነው። መታወቂያው ጅራቱ ላይ ነው፤ ጫፉ መሃል ላይ ገባ ብሎ እንደ ዓሣ ጅራት ተሰንጥቋል፣ ሲበርም እንደ መሪ ግራና ቀኝ ያጣምመዋል። ጀማሪ የሚሸወደው እዚሁ ላይ ነው፤ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ሲዘረጋው ስንጥቁ ይጠፋል። እስኪሰበስበው መታገስ ነው። ያዋቂው ምንቃር ቢጫ ነው። ጥቁር ከሆነ ወይ ገና ልጅ ነው፣ ወይ ጥቅምት አካባቢ ብርድ ሸሽቶ ከአውሮፓና ከእስያ የገባ ዘመድ። ዲያስፖራው ጭንቅላቱ ነጣ ይላል እንጂ አመሉ ከነባሩ ብዙም አይለይም።

የመብራት ምሰሶ ላይ ነጭ ደረቱን ነፍቶ የሚቀመጠው ሌላ ነው፤ ፈረንጆቹ ኦገር ባዛርድ ይሉታል። ጅራቱ አጭር፣ ቀለሙ የሸክላ ጡብ። ከል የለበሰ የሚመስል ጥቁርም አለ፤ ጅራቱ ግን ያው ቀይ ነው። ልጅ ሳለ ጅራቱ ቡናማ ስለሆነ ክርክር አይጠፋም።

ወደ ፎቶው እንምጣ። በስልክ የተነሳ ጭልፊት ሰማይ ላይ ያረፈ ዝንብ ነው። ሩቁን የሚያቀርብ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከተገኘ ደግሞ ችግሩ ወፉ መሆኑ ቀርቶ ጎረቤት ይሆናል። የኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ በረንዳ ይመረጣል፤ ወፉ በዓይን ትይዩ ስለሚያልፍ የክንፉ ጀርባ ሳይቀር ይታያል። ፊት ለፊት ላሉት እናት ግን ክንፍ አይታያቸውም።

«አንተ ልጅ፣ ያ መድፍ ወዴት ነው የሚያየው?»

«ጭልፊት ነው እማማ!»

«ጭልፊቱማ አንተ ነህ!» መጋረጃው ይዘጋል።

ሌንሱ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከዞረ ደግሞ ጥበቃው ይመጣል፤ ለእሱ ስለ ጅራት ስንጥቅ ማስረዳት አያዋጣም።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ነው። መሬቱ ሞቆ አየሩ ሲነሳ ወፎቹ ተሳፍረውበት ይሽከረከራሉ፣ ፀሐይም አናት ላይ ስላልወጣች ከክንፍ ሥር ብርሃን ይገባል። 6 ሰዓት ላይ የክንፉ ሥር ይጨልማል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚነሳው ሙቀትም ምስሉን እንደ ውሃ ያንቀጠቅጠዋል። ባለቤቱ ሌንሱን ይረግማል። የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት 1/2000 ሰከንድ ይሁን፤ በ1/500 የክንፉ ጫፍ ይደበዝዛል። ካሜራው ነጩን ሰማይ አይቶ «ብርሃን በዛ» ብሎ ስለሚቀንስ፣ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን) ከ+1 እስከ +1.7 ያልጨመረ ሰው ከሰል አንስቶ ይገባል። የተቀመጠ ወፍ ሊነሳ ሲል ብዙ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ኩሱን ይጥላል፤ ጣት ያኔ ካሜራው ቁልፍ ላይ መሆን አለበት። የሚነሳው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ስለሆነ፣ ነፋሱን ለጀርባ ሰጥቶ የቆመ ፊቱን ያገኛል፤ ሌላው የጅራት አልበም ያጠራቅማል።

በበዓል ማግስት አንጀቱም ቆዳውም ደጅ ሲጣል ሁሉም ዝቅ ብሎ ይበራል። ባለካሜራውም ቆሻሻ ገንዳው ጋ አንጋጦ ይቆማል። ገንዳው ጫፍ ላይ ግን ቀጭን ምንቃር ያለው ጥንብ አንሳ ተቀምጧል፤ ፊቱ ላባ የለውም፣ ሲናደድ ይቀላል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2015 እ.ኤ.አ. ከምድር ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ያስገባው እሱን ነው። ባለካሜራው «እሽ!» ብሎ ያባርረዋል፤ ፍሬሙ ውስጥ ገብቶ ንስሩን እንዳያበላሽበት።