የሽጉጡን ገጽ ዝጉልኝ!

ኧረ ዛሬስ ሳልተነፍስ አልተኛም።

ትናንት ማታ አምስት ሆነን ጠረጴዛ ከበናል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በቃል የሚተውንበት ጨዋታ ነው፤ ታሪኩን የምመራው ጌም ማስተሯ እኔ ነኝ። ዘመኑ የዛሬው፣ አገሩ እንግሊዝ፣ ተጫዋቾቼ መርማሪ ፖሊሶች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የለፋሁበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ተጠርጣሪው ተይዞ ጣቢያ ገብቷል፤ ጠበቃው አጠገቡ ተቀምጧል፤ የሟች እህት ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። የሰውየውን አነጋገር፣ የቱ ጋ እንደሚዋሽ፣ የቱ ጋ ድምፁ እንደሚሰበር ተለማምጄበታለሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ በጉጉት ስጠብቅ አንዱ የፖሊስና የወንጀል ሶርስቡኩን፣ ማለትም ለጨዋታው መረጃ የምንቀዳበትን መጽሐፍ፣ ገለጥ ገለጥ አደረገና "የኔ ሰውዬ የታጠቀው ሽጉጥ ስንት ጥይት ይጎርሳል?" አይለኝም!

ሽጉጥ የለውም! እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛው ፖሊስ ያለ ሽጉጥ ነው የሚሠራው፤ መሣሪያ የሚይዙት ለዚያ የሠለጠኑ ክፍሎች ናቸው። ይህን የመጀመሪያው ቀን ተናግሬያለሁ። "መጽሐፉ ላይ ግን ዋጋው ሳይቀር አለ" ብሎ ይሞግተኛል። ሌላኛው ደግሞ ጥይት መከላከያ ሰደርያ ፍለጋ ገጽ መግለጥ ጀመረ። አርባ ደቂቃ! ስለ ጥይት አርባ ደቂቃ ስንጨቃጨቅ ያ ተጠርጣሪ ጠያቂ አጥቶ ተቀምጦ ቀረ።

የአንድ ቀን ነገር ቢሆን ባልጻፍኩ። ስንት ጠረጴዛ ላይ አይቼዋለሁ። እነዚህን መጻሕፍት ገንዘባችንን አውጥተን እንገዛና የምናነበው የመሣሪያውን ምዕራፍ ብቻ ነው። የብርበራ ትእዛዝ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ኤግዚቢት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማን እንደሚፈርም፣ ዐቃቤ ሕግ ፋይሉን ለምን እንደሚመልስ የሚናገሩት ገጾች እንደተገዙ ናቸው፤ ጣት አልነካቸውም። ጥፋቱ የአንባቢ ብቻም አይደለም። አንዳንዱ አዘጋጅ ራሱ ሽጉጡን በዓይነት በዓይነቱ በሠንጠረዥ ደርድሮ ሲያበቃ የተጠርጣሪ ቃል አቀባበልን በሁለት አንቀጽ ያልፈዋል። የአሜሪካን ሕግ ይጽፍና "የፖሊስ አሠራር" ይለዋል፤ የዓለሙ ሁሉ ይመስል።

እንግሊዝ ውስጥ እየተጫወትን ተጠርጣሪ በተያዘ ቁጥር "ዝም የማለት መብት አለህ" የሚለው የሚራንዳ ማስጠንቀቂያ የሚነበነበው በዚሁ ምክንያት ነው። እሱ እኮ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1966 የወሰነው ነው። እዚያው አሜሪካም ቢሆን ካቴና በገባ ቁጥር የሚደገም ድግምት አይደለም፤ የሚያስፈልገው በቁጥጥር ሥር ያለን ሰው ከመመርመር በፊት ነው። ባይነገረው ደግሞ የሚወድቀው የሰጠው ቃል ነው እንጂ ሰውየው በዚያ ብቻ በነጻ አይለቀቅም። የእንግሊዙ ሌላ ነው። መናገር አትገደድም፤ ነገር ግን በኋላ ፍርድ ቤት የምትመካበትን ነገር አሁን ስትጠየቅ ካልተናገርክ መከላከያህን ሊጎዳው ይችላል ይላል። እስቲ ልብ በሉት! ጠበቃው "ዝም በል" ይበለው ወይስ "ተናገር"? ንጹሕ ሆኖ የፈራ ሰው ምን ያደርጋል? እኔ በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉ ምሽት ማጫወት እችላለሁ። ግን ማን ይሰማኛል፤ ሽጉጥ እየተቆጠረ ነው።

ሰዓቱስ? በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. የ1984ቱ የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ ለፖሊስ የሚሰጠው 24 ሰዓት ነው፤ በዚያ ውስጥ ወይ ይከሰሳል ወይ ይለቀቃል። ወንጀሉ ከባድ ከሆነ ከፍተኛ መኮንን ወደ 36 ሊያራዝመው ይችላል። ከዚያ በላይ ለመያዝ ፍርድ ቤት መቅረብ ግድ ነው፤ የሽብር ጉዳይ ካልሆነ ጣሪያው 96 ነው። ከ24ቱ ላይ ደግሞ የተያዘው ሰው 8 ሰዓት ሳይቋረጥ ማረፍ አለበት። ሲሰላ የቀረው 16 ነው። ላቦራቶሪው አልመለሰም፣ ምስክሯ ስልክ አታነሳም፣ ጠበቃው ከደንበኛው ጋር ለብቻ ልነጋገር ብሏል፣ ሰዓቱ ይሮጣል። በየትኛው ጠመንጃ ነው ከዚህ የባሰ ጭንቀት የሚመጣው?

"ሥርዓት ጨዋታ ይገድላል፣ ቢሮ የገባን መሰለን" የሚሉኝ አሉ። በፍጹም አልቀበልም። ጨዋታ የሚገድለው ጌም ማስተር ቅጽ ስታስሞላ ነው። እኔ ቅጽ አላስሞላም፤ ቅጹ ባለመሞላቱ ነፍሰ ገዳይ ሲለቀቅ የሚሰማውን ነው የማሳየው። ባለፈው ወር አንዷ ተጫዋች ያለ ትእዛዝ በር ሰብራ ገብታ ቢላዋውን አገኘች። ቢላዋውን ያገኘችው ራሷ ሆና ሳለ ፍርድ ቤት ምን እንደሚደርስበት ስታስብ ፊቷ ላይ ያየሁትን ሽጉጥ ያወጣው ተጫዋች ፊት ላይ አይቼው አላውቅም።

ከሁሉም አንጀቴን የሚያቆስለው ግን "ሁለት ጥፊ ቢቀምስ ይናገራል" የሚለው ነው። በየጠረጴዛው ይባላል። ድርጊቱ መሳካቱን የሚወስነው ዳይስ ይጣላል፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ "እሺ ተናዘዘ፣ ማነው አለ?" ጉዳዩ ተዘጋ! መናዘዝ እውነት ነው ያለ ማነው? እዚያው እንግሊዝ፣ ሌስተርሻየር በሚባል አውራጃ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1986 ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተገደሉ። ስለ ሁለተኛይቱ የተጠረጠረ የ17 ዓመት ልጅ አዎ እኔ ነኝ አለ። እዚያው ሌስተር ዩኒቨርሲቲ የዘረመል ተመራማሪው አሌክ ጄፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያገኘው የዲኤንኤ ምርመራ ሲደረግ ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው ሆኖ ተገኘ። ያ የተናዘዘው ልጅ ግን አልነበረም። ዲኤንኤ ለፖሊስ ሥራ ሲገባ መጀመሪያ ያደረገው ንጹሕ ሰው ማስፈታት ነው!

ቀጥሎ ፖሊስ ከ5 ሺህ በላይ ወንዶች ናሙና ሰበሰበ፤ ገዳዩ አልተገኘም። ለምን? ገዳዩ የሥራ ባልደረባውን ለምኖ በራሱ በገዳዩ ስም ናሙና አሰጥቶ ነበር። ገዳዩ የተያዘው፣ ያ ባልደረባ ይህንኑ መጠጥ ቤት ውስጥ ሲያወራ ሰው ሰምቶ ለፖሊስ ስለተናገረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈረደበት። ያን ሁሉ ሳይንስ ያመለጠውን ሰው የያዘው ወሬ ነው። አንዲት ጥይት ያልተተኮሰበት ታሪክ ነው፤ ግን የቱ ሶርስቡክ ነው ገጹን ለዚህ የሚሰጠው?

አሻራም እንደዚያው ነው። "ዳይስ ልጣልና የማን እንደሆነ ንገሪኝ" ይሉኛል። ኮምፒውተሩ እኮ የሚያወጣው ተቀራራቢ አሻራዎችን ነው፤ "ይሄ ነው" የሚለው በዓይኑ የሚያመሳክር ባለሙያ ነው፤ ባለሙያ ደግሞ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከማድሪዱ የባቡር ፍንዳታ በኋላ የአሜሪካው ኤፍቢአይ የአንድ አሜሪካዊ ጠበቃ አሻራ ነው ብሎ ሰውየውን አሳሰረ፤ የስፔን ፖሊስ ግን የሌላ ሰው መሆኑን አገኘ። የዳይስ ውጤት ሲያንስ "አላገኘህም" ከምላቸው ይልቅ "አገኘህ" ብዬ የተሳሳተ ስም ብሰጣቸው ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሚወጣው አስቡት።

መሣሪያ አይኑር አላልኩም። የሽፍታ ታሪክ ስንጫወት እኔም ሠንጠረዡን እገልጣለሁ። መርማሪ እንሁን ብለን ተስማምተን ከተቀመጥን ግን ባካችሁ መርምሩ። ምስክሯን አንድ ጊዜ አነጋግራችሁ አትተዋት፤ ያለቻችሁን ከሌላው ጋር አመሳክሩ። ጠበቃውን እንደ ጠላት አትዩት፤ ሥራውን እየሠራ ነው። መጽሐፉን ስትገዙም ከመሣሪያው ምዕራፍ በፊት ስለ ቃል አቀባበል የጻፈውን አንብቡ።

ትናንት ስናቋርጥ ከ24ቱ 5 ሰዓት ቀርቷቸው ነበር። አርባዋን ደቂቃ ቀንሼባቸዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጡ 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው ያላቸው፤ የሟች እህትም አሁንም ኮሪደሩ ላይ ናት።