ሦስት ባዶ ወንበር

ደሴን ከደሴት የሚለያት አንዲት «ት» ብትሆንም፣ ውሃው ያለው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ነው። ባሕር የሌለው ወሎ የውሃ ዳር መንገድ ሲያምረው ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ከተማውም ሐይቅ፣ ውሃውም ሐይቅ በመሆኑ፣ ስልክ አንስቶ «ሐይቅ ነኝ» የሚል ባል ውሃው ዳር ይሁን መናኸሪያ ለሚስቱ እንኳ አይገባትም።

ባልና ሚስት «ቅዳሜ ሁለታችን ብቻ ደርሰን እንምጣ» ሲባባሉ የሚታያቸው አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ፣ የተጠበሰ ዓሣና የሚለጠፍ ፎቶ ነው። የሚረሱት መኪናቸው ቪትዝ አምስት ሰው የምትጭን መሆኗን ነው። ሁለት ሲቀመጡ ሦስት ወንበር ይተርፋል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ባዶ ወንበር ይዞ መንገድ መውጣት በር ዘግቶ ብቻ እንደ መብላት ይቆጠራል።

ምሥጢሩ የሚወጣው ጎሚስታ ቤት ነው። ዓርብ ማታ ጎማ የሚያስነፋ ሰው ቅዳሜ መንገደኛ ነው፤ ይህን ለማወቅ ጠንቋይ አያሻም። ሲነጋ ቡና ተጥዶ ይጠብቃል። ከቆላው እስከ በረካ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ አቦል ጠጥቶ ብድግ ማለት ደግሞ ሦስት ጊዜ ያስቀምጣል። ከዱዓው መጨረሻ «አሚን» ጋር አክስት ብቅ ይላሉ።

«እኔስ አላስቸግራችሁም፣ ልጆቼ። መርሳ ለቅሶ አለብኝ፤ እግረ መንገዳችሁን ጣል ታረጉኛላችሁ።»

መርሳ ከሐይቅ በብዙ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ይህን መናገር ግን ነውር ነው። አክስት ጆንያ አላቸው፤ ጆንያውን የሚሸከም የእህት ልጅ አለ፤ የእህት ልጁን ተከትሎ የሚያለቅስ ሕፃንም አይጠፋም። «ሕፃን ወንበር አይዝም» ይባላል፤ ይይዛል። ለጠዋቱ 12 ሰዓት የታሰበው ጉዞ በዚህ ሁኔታ 3 ሰዓት ላይ ከተነሳ ቶሎ ተነሳ ነው።

ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ሰብስበው ነበር። ዛሬ ጉባኤው ኋላ ወንበር ላይ ተሰይሟል፤ አጀንዳው መስኮት ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚል ነው። ውሳኔውም የታወቀ ነው፦ ንፋስ ይመታል፣ ይዘጋ። ሙዚቃም እንዲሁ በድምፅ ብልጫ ያልቃል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ ሁለቱ ቅኝቶች ስማቸው እንኳ የወሎ አገር ስም ነው። አክስት ካሉ ግን አራቱም ተዘግተው መንዙማ ይከፈታል። ሚስት ለዚህ ቀን ብላ ሌሊቱን ሙሉ ስልኳ ላይ የጫነችው ዘፈን እዚያው ያድራል።

ቁልቁለቱን የሚያበላሸው ጆንያው ነው። ብቻዋን የለመደች መኪና አምስት ሰውና ጆንያ ስትጭን በፍሬን ብቻ አትያዝም። ማርሹን ከ«ዲ» ወደ «2» ዝቅ አድርጎ ሞተሩ እንዲይዛት መተው፣ ፍሬኑን አጥብቆ ረገጥ፣ ለቀቅ ማድረግ ነው። እግሩን ሳያነሳ የሚወርድ ባል የፍሬን ሸራው ይግላል፤ መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፣ ቀጥሎ ፔዳሉ እየላላ ወደ ታች ይሰምጣል። ሽታው ሲመጣ ሚስት «ምንድን ነው የሚሸተው?» ትላለች፤ ባል «የፊት ለፊቱ መኪና ነው» ይላል። የፊት ለፊት መኪና የለም። ዳር ይዞ ቆሞ ማብረድ ነው ያለው፤ የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ መድፋት ግን ዲስኩን ያጣምመዋል። ከኋላ «ውሃ አፍስሱበት እንጂ!» የሚል ድምፅ አይጠፋም።

ሐይቁ ጥልቀቱ 88 ሜትር ይደርሳል፤ የ20 ፎቅ ሕንፃ ይውጣል። ዳሩ ለስላሳ መስሎ ድንገት ስለሚገባ፣ ለፎቶ ብሎ ሱሪ ሰብስቦ መግባት ከጉልበት አይለፍ።

የእስጢፋኖስ ገዳም ባልና ሚስትን ለያይቶ የሚያስጎበኝ ቦታ ነው፤ ሴት አይገባም። ባል «አምስት ደቂቃ» ብሎ ይገባል፤ ታሪኩ ግን ከ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ስለሚጀምር በአምስት ደቂቃ ዛጉዌን እንኳ አያልፍም። አባ ለገዳሙ ባጻፉት ወንጌል ውስጥ የራሳቸው ሥዕል አለ። አንዴ ተሥለው 700 ዓመት አለፋቸው። ውጭ ቆማ የምትጠብቀው ሚስት በዚያች አምስት ደቂቃ 60 ፎቶ ተነስታ 59ኙን ሰርዛለች።

ወደ ዓሣው እንሂድ፤ ለነገሩ ሁሉም የመጣው ለዓሣው ነው። ቆሮሶ ራሱ ወደዚህ ሐይቅ በሰው እጅ የገባ መጤ ነው፤ ዛሬ ግን ቤተኛ ሆኗል፣ ማንም ዘሩን አይጠይቀውም። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ጎኑ ተሸንትሮ እስኪጠበስ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ «ደርሷል» ከተባሉ ገና እየታጠበ ነው። ለቤት ሲገዙ ዓይኑ ጎላና ጥርት ያለ መሆኑን ማየት፣ ስንጥቡን ገልጦ ቀይ መሆኑን ማረጋገጥ፣ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላውን መምረጥ ነው። ሆድቃው እዚያው ይውጣ፤ ቀድሞ የሚበላሸው እሱ ነው። ከዚያ ጨው ነስንሶ ክዳን ባለው ባልዲ። በፌስታል አንጠልጥሎ ኋላ መወርወር የተለመደ ነው፤ የተለመደ ነውና ፌስታሉ ይቀደዳል፣ ውሃው ምንጣፉ ውስጥ ይሰርጋል፣ ቪትዝ ለሁለት ሳምንት የዓሣ ጀልባ ትሆናለች። በአቼቶ ታጥቦ፣ በር ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ማዋል ያቀለዋል እንጂ አያጠፋውም። አማት ሲሳፈሩ አፍንጫቸውን ይዘው «ደርሳችሁ መጣችሁ ማለት ነው?» ይላሉ።

መርሳስ? ለቅሶው ነገ ይደረሳል። አክስት ዓሣውን ቀምሰው ሐሳባቸውን ቀይረዋል፤ ጆንያውም አብሮ ይመለሳል።

ዳገቱ የሚፈርደው እዚህ ላይ ነው። ትንሿ ሞተር ጆንያና ባልዲ ይዛ ስትወጣ ትግላለች። ቀይ መብራቱ ሳይበራ ኤሲውን ማጥፋት፣ ማሞቂያውን እስከ ጥግ መክፈት ነው፤ ሙቀቱን ከሞተሩ እየሳበ ወደ ውስጥ ያመጣዋል። ከበራ ዳር ይዞ ሞተር አጥፍቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፤ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ የከፈተ ፊቱን ይቀቅላል። ጠዋት ንፋስ ይመታል ብሎ የወሰነው ጉባኤ አሁን በሙቀትና በዓሣ ሽታ መካከል ተቀምጦ ራሱ «መስኮት!» ይላል።

መኪናዋ እስክትበርድ ሁሉም ወርዶ ጥላ ፍለጋ ሲሄድ፣ ባልና ሚስት ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ብቻ ይሆናሉ። ከታች ውሃው፣ ከኋላቸው በሮቿ የተከፈቱ ቪትዝ። አንድ ፎቶ ይነሳሉ፤ ጥሩ ይወጣል፤ እዚያው ይለጠፋል። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ የሚስት እናት ይደውላሉ።

«አየሁት፣ ልጄ፣ ያምራል። ግን መኪናው ባዶ ነው፤ እኔን ለምን አልጠራችሁኝም?»