ውዳሴ ለድሬ ዓሣ ገዢ

ከሁሉ አስቀድሞ እምነታችን ይመስገን። የድሬዳዋ ሰው ዓሣ ሊገዛ ሲሄድ ዓሣውን አያይም፤ ሻጩን ነው የሚያየው። «ትኩስ ነው?» ይላል። «ወላሂ ዛሬ ጠዋት የገባ!» ይባላል። አለቀ። ሚዛን፣ ጥቁር ፌስታል፣ ባጃጅ። በዚህች ከተማ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ «አይ አቦ፣ ይሄ እንኳ የሐሙስ ነው፣ ይቅርብህ» ያለ ዓሣ ሻጭ አጋጥሞኝ አያውቅም። ስለዚህ ድሬ የሚደርስ ዓሣ ሁሉ ጠዋት ነው የሚገባው ማለት ነው። ማታ የተጠመደ ካለ ዕጣው ሌላ አገር ነው።

«ባሕር የሌለው አገር የባሕር ዓሣ ምን አባቱ አገባው?» የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም። እነሱ ታሪክ አያውቁም። ይቺ ከተማ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው፤ ባቡር የወለዳት ልጅ ስለሆነች ባሕሩን እንደ አያቷ ቤት ነው የምትቆጥረው። በድሮው ሐዲድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ምን አላት! ያን በረሃ አቋርጦ የመጣን ዓሣ ድንበሩ ደወሌ ላይ ስንት ሰዓት ቆመ፣ በረዶው የቱ ጋ ሲደርስ ውሃ ሆነ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። እንግዳ ገና ከበር ላይ አይመረመርም።

ደግሞ የዓሣችን ትውልድ አገር እንደ ገዢው ፍላጎት ነው። ጅቡቲ ኖሮ ለመጣ ሰው የጅቡቲ ቱና ነው። የአርባ ምንጭ ልጅ ከሆንክ የጫሞ ነው። ከአዲስ አበባ ለመጣ የዝዋይ ቆሮሶ ይሆናል። ፍሪጁ ግን ያው አንዱ፣ ከሚሪንዳው ጎን ያለው፣ መብራት በሄደ ቁጥር የሚያለቅሰው ነው። መብራቱ ሲመለስ ዓሣው እንደገና ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋይ ደግሞ አይሸትም።

ትልቁ ብልሃታችን ግን አናቱ ላይ ነው። አባቶቻችን «የዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ብለው የተረቱት ለሹም ብቻ መስሎን ነው እንጂ የገበያ ምክርም ነበር። ዓሣ የሚናዘዘው በጭንቅላቱ ነው። ትኩስ ከሆነ ዓይኑ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ ነው፤ ሲሰነብት ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ጉም ይለብሳል። ጉንጩ ላይ ያለውን ክዳን ገለጥ ብታደርገው መተንፈሻው ቀይ ደም የመሰለ መሆን አለበት፤ ወደ ቡናማና ወደ አመድ ከሄደ ነገሩ አልቋል። እኛስ ምን እናደርጋለን? ገና ከበሩ ስንገባ «ጭንቅላቱን ጣልልኝ፣ ልጆቹ ይፈራሉ» እንላለን። ሻጩም እንዲህ ያለ ትእዛዝ እንደ ወንድም ትእዛዝ ፈጥኖ ይፈጽማል። ያለን አንድ ምስክር፣ እሱንም አንገቱን አስቀልተን፣ ተከሳሹን «ንጹሕ ነህ?» ብለን እንጠይቃለን። የሠለጠንነው ደግሞ ፊሌቶ ነው የምንገዛው። ፊሌቶ ፊት የለው፣ ዓይን የለው፣ ቆዳ የለው፤ ምን ብሎ ይመስክር? ሥጋውን በጣት ተጭኖ ጉድጓዱ መልሶ መሙላቱን ማየት ይቻል ነበር፤ ግን የሰው ዕቃ መነካካት ጨዋነት አይደለም።

ሽታ ካለ ሎሚ አለ። ሎሚ ሽታውን አፉን ያስይዘዋል፤ ዓሣውን ግን ወደ ትናንት አይመልሰውም። አዋዜውም ዘይቱም የየድርሻቸውን ይሸፍናሉ። ቱናና ቢጤዎቹ ሙቀት ላይ ሲቆዩ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፤ ይህንን መጥበስም መቀቀልም መልሶ ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። በልተህ ብዙም ሳትቆይ ፊትህ ይቀላል፣ ራስህን ይፈልጥሃል፣ ገላህን ያሳክክሃል። ታዲያ አንድ ሰው እንኳ ሻጩን አይወቅስም። «ዓሣ ለደሜ አይስማማኝም» ብለን ጥፋቱን በደማችን እናመካኛለን። እንዲህ ያለ ገዢ የት ይገኛል?

ስለ ጾም ብዙ አልልም፤ ዓሣ ለጾም ይሆናል አይሆንም የሚለውን ለአባቶች ትቻለሁ። ከምንበላው ወገን ያለነው ግን ረቡዕና ዓርብ ተሰልፈን ሰኞ ዞር ብለን አለማየታችን ያስመሰግናል። ቅዳሜ የደረሰው ዓሣ እኛን ሲጠብቅ ይሰነብታል።

በረዶ የሚገዛ ሻጭም ነበረ። ዓሣ በበረዶ ከተቀበረ ከሳምንት በላይ ይቆያል፤ 35 ዲግሪ በሚነካ የድሬ ቀን ያለ በረዶ ከዋለ ግን ለማታ አይተርፍም። ይህ ሰው የበረዶውን ሒሳብ ዋጋው ላይ ጨመረ። እኛ ደግሞ «አንተማ ታስወድዳለህ» ብለን በረዶ የማያውቀው ጋ ተሻገርን። ቆጣቢ ሕዝብ ነን። ሰውየው አሁን ሳንዳል ጫማ ይሸጣል፤ ሳንዳል አይበላሽም።

ድሬ ትኩስ ነገር አታውቅም የሚል ካለ ግን አልታገሠውም። ከቀትር በፊት ጫት ተራ ይሂድና ይይ። ያው ዓሣ ሻጩን በአንድ ወላሂ ያመነው ሰው እዚያ ዳኛም ዐቃቤ ሕግም ነው። ዙርባውን ይፈታል፤ ቀንበጡን ይቆነጥራል፣ ያሸታል፣ ወደ ፀሐይ ያነሳል። ሻጯ ስንት ጊዜ ብትምል አያምናትም። «አቦ አትቀልጂብኝ፣ ይሄ የትናንት ነው!» ይላል፤ ትክክልም ነው። ጫት ከተቆረጠ አንድ ሁለት ቀን ካለፈው ኃይሉ እንደሚደክም ማንም አላስተማረውም፤ ያውቃል። ማለዳ ከአወዳይ የተጫነው ጫት በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ ውሃ እየተርከፈከፈበት፣ ጅቡቲዎች ከምሳ ሳይነሱ ለመድረስ ይበራል፤ መንገድ ላይ ላም ብትገባበት የምትጠነቀቀው ላሟ ናት። ዓሣ ግን ከዚያ ወደዚህ ሲመጣ የሚያጣድፈው የለም። ቅጠሉ ሕይወት ያለው፣ ዓሣው ደግሞ ደረቅ ጭነት ሆኖ እርፍ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጎረቤቴን አጅቤ ወጣሁ። ዓሣው ዘንድ ሁለት ደቂቃ ቆየን፤ «ትኩስ ነው?» አለ፣ ትኩስ ነበር። ጫቱ ዘንድ አርባ ደቂቃ ፈጀን፤ ሦስት ሻጮች ተጣልተውናል። ጫቱን እንደ አራስ ልጅ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቀፈው። ፌስታሉን ከባጃጁ መቀመጫ ሥር፣ ሞተሩ ከሚያሞቀው በኩል፣ በእግሩ ገፋ አደረገው።

ቤት ስንደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ባለቤቱ ፍሪጁን ከፍታ አየችና «ኧረ አንተ፣ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው» አለችው። ትንሽ እንኳ አላመነታም፤ ጫቱን አስገባ። ዓሣውንም አልጨከነበትም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቬንትሌተሩን ወደሱ አዞረለት።