እርማት፦ «መሬት ካልተንቀጠቀጠ ሱናሚ የለም» ለሚለው

ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ለሚመላለሱ ሾፌሮች «ባሕሩ ዳርቻ ስታድሩ መሬት ካልተንቀጠቀጠ አትስጉ፤ ሱናሚ ቢመጣም ባሕሩ አስቀድሞ ይሸሻል» ብለው የመከሩት ወንድማችን፣ ለሰው አስበው እንደሆነ ይገባናል። ምክሩ ግን ሰው ያስጨርሳል።

ታኅሣሥ 13 ቀን 2011 ዓ.ም. ምሽት 3 ሰዓት ገደማ፣ ኢንዶኔዢያ ውስጥ የአናክ ክራካታው እሳተ ገሞራ አንድ ጎኑ ተደርምሶ ባሕር ገባ። በግማሽ ሰዓት ገደማ ማዕበሉ ጃቫና ሱማትራ ደርሶ ከ400 በላይ ሰው ገደለ። ሰውን ከቤት የሚያስወጣ መንቀጥቀጥ አልነበረም፤ የማስጠንቀቂያው ሥርዓትም የተሠራው ለመሬት መንቀጥቀጥ ስለነበር ዝም አለ።

ደሴ ላይ ክረምት ሲገባ ተዳፋት እንዴት እንደሚንሸራተት የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ያው ናዳ ውኃ ላይ ሲወድቅ፣ የወደቀውን ያህል ውኃ ገፍቶ ያስነሳል። ፍንዳታውም ሆነ ወደ ባሕር የሚወርደው የጋለ አመድና ድንጋይ እንዲሁ ያደርጋል። በ1883 እ.ኤ.አ. እዚያው አካባቢ የክራካታው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ካለቁት ከ36,000 በላይ ሰዎች አብዛኞቹን የወሰደው ማዕበሉ ነው።

ባሕሩ የሚሸሸው የማዕበሉ ዝቅተኛ ክፍል ቀድሞ ሲደርስ ብቻ ነው። ከፍተኛው ከቀደመ ውኃው ቀጥታ ይወጣል።

ስለዚህ ከባሕር በኩል ያልተለመደ ጉርምርምታ ከተሰማ ወይም ውኃው ድንገት ከፍ ዝቅ ካለ፣ መኪና ለማስነሳት ሳይሉ በእግር ወደ ከፍታ፤ ቢያንስ 30 ሜትር ሽቅብ፣ ከፍታ ከሌለ 3 ኪሎ ሜትር ወደ መሃል አገር። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ማዕበል ሊብስ ስለሚችል፣ ባለሥልጣን ሳይፈቅድ ለዕቃ ብሎ መመለስ የለም።