ለክቡር ባዶ ሃይላንድ፤ ሐዋሳ ሐይቅ፣ ባሉበት

ጤና ይስጥልኝ ክቡርነትዎ! የተሠሩበት ፋብሪካ የትም ይሁን የት፣ እኛ አገር ባዶ የውኃ ላስቲክ ሁሉ ሃይላንድ ነውና በዚሁ ብጠራዎት አይቀየሙኝ።

የምጽፍልዎት ለምስጋና ነው። ሌላው ዓለም የሐይቅ ውኃ ወዴት እንደሚዞር ለማወቅ ጂፒኤስ የተገጠመለት ተንሳፋፊ መሣሪያ ይለቃል። ያውም በዶላር! እርስዎ ግን ያለ ውሎ አበል፣ ያለ መስክ መኪና፣ ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ ሥራ ላይ ነዎት። ጠዋት አሞራ ገደል አሳ ገበያው ጋ የአሳ ሾርባዬን ይዤ ስቀመጥ ደንገሉ ሥር አገኝዎታለሁ። ሌላ ቀን ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ ጀልባዎቹ መሃል እየተወዛወዙ ይመጣሉ። ቀርተው አያውቁም።

ቢቀሩስ የት ይሄዳሉ? ሐዋሳ ሐይቅ መግቢያ እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባል፤ የከተማው ጎርፍ ይገባል፤ እኛ የጣልነው ይገባል። ውኃው የሚወጣው ወይ ተንኖ ነው፣ ወይ በመሬት ውስጥ ለውስጥ ሰርጎ። እርስዎ ደግሞ አይተኑ፣ አይሰርጉ። ቋሚ ቅጥር ማለት ይኼ ነው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ሪፖርትዎ ላይ ላዩን ብቻ ነው። (ከየትኛው ቢሮ እንደተማሩት አልጠይቅም።) ባለሙያ ሲለካ 20 ሴንቲ ሜትር የምትሰፋ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባች ክብ ሳህን በገመድ ያወርዳል። ሳህኗ ከዓይን የጠፋችበት ጥልቀት ውኃው ምን ያህል እንደደፈረሰ ይነግረዋል። ከሰገራ የሚመጣውን ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ለመቁጠር ደግሞ ናሙናው ላቦራቶሪ ውስጥ ሙቀት ላይ ማደር አለበት። ዋናተኛው ግን አያድርም። ሱሪውን ድንጋይ ላይ ጥሎ፣ ውጤቱ ሳይመጣ ዘሎ ገብቷል! የቢልሃርዚያ እጭ ከቀንድ አውጣ ወጥታ በቆዳው ስትሾልክም አያያትም። እኛ እርስዎን ካጣን «ዛሬ ውኃው ኩልል ብሏል» እንላለን። ካገኘንዎት ደግሞ በእግራችን ገፋ አድርገን እንዋኛለን።

ዘመዶችዎ እኮ ሥራ ይዘዋል። ግማሽ ላይ ተቆርጠው ከጀልባ ውስጥ ውኃ የሚጨልፉ አሉ። እርስዎ ብቻ ጥናት ላይ ቀሩ።

ባለፈው እሁድ ትዝ ይልዎታል? አሳ የሚገፍፈው ልጅ አጠገብ ቆሜ «የቱ ባለጌ ነው እዚህ የሚጥለው! ሥርዓት የሌለው!» እያልኩ ስፎክር፣ የአሳ አንጀት ሲጠብቅ የነበረው አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ እንኳ አንገቱን አዙሮ አየኝ። ልጁ ቅርፊት በተለጠፈበት ቢላዋ ጫፍ ወደ ዳር ሳብ አደረገዎት። ጎንዎ ላይ በጥቁር ማርከር የተጻፈ ነገር ነበር፤ ውኃው ገና አልጨረሰውም። የልጄ ስም፣ ከነክፍሏ፣ «2ኛ ለ»። ትምህርት ቤት እንዳይጠፋባት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሽርሽር ይዣት የመጣሁትም እኔ።

«ጋሼ፣ የማን ነው ይላል?» አለኝ ልጁ።

«አይነበብም» አልኩት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሾርባ ደንበኛዎ